ስፌቱን ማን ይቆጥረዋል

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ደሜ ስለፈላ ነው የምጽፈው። ለማንም አይደለም። እናቴ ካገኘችው ወደ ቦታው ትመልሰው። አባቴ አያገኘውም፤ እሱ አፍንጫው ላይ ያለ መነጽር ፍለጋ ቤት የሚያተራምስ ሰው ነው።

ዛሬ ራት ላይ ሁለቱም እኩል ተቀመጡ። ይሄ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ሜርለ፣ አንድ የምንነግርሽ ነገር አለ» አለ። እናቴ «ገና ያልተወሰነ ነገር» ብላ አረመችው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኦስትሪያ፣ ግራትስ ያለ ዩኒቨርሲቲ አባቴን ሊወስደው ይፈልጋል። ሜይ ላይ ገምጋሚዎች መጥተው የሁለቱን የጋራ ጥናት ያያሉ። ከወደዱትና በጀቱን ከፈቀዱ አባቴ እዚሁ ሽቱትጋርት ይቀራል። ካልፈቀዱ በመኸር ይሄዳል። እናቴ አትከተለውም፤ ትልቁ ኮምፒውተር ያለው እዚህ ነው። ቤቱ ይለቀቃል።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺማ አሥራ ስምንት ሞላሽ» አለች እናቴ።

«የፈለግሽው ጋ ትሆኛለሽ» አለ አባቴ።

እንዲህ ተስማምተው ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሰላጣውን ማንኪያ ወረወርኩት። የመታሁት ግድግዳውን ነው፣ ሰው አልነካሁም።

ሮብ፣ ፌብሩዋሪ 5

ማንኪያው እስከ ማታ የወደቀበት ነበር። ሁለቱም ተራምደውት አለፉ። እኔው አነሳሁት።

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ተረጋግቼ ልጻፈው።

ወላጆቼ የሚያጠኑት አንድ ነገር ነው፤ ብረት ሲጎተት እንዴት እንደሚሰነጠቅ። ይሄን ያህል ዓመት ተጋብተው ብረት ምን እንደሆነ ግን አልተስማሙም። ለእናቴ ብረት ጥራጥሬ ነው። አቶም አቶሙን አንድ በአንድ ይዛ፣ እያንዳንዷ ፍሬ ጎረቤቷን እንዴት እንደምትስብና እንደምትገፋ ታሰላለች። ለአባቴ ብረት ሊጥ ነው። ሊጥ ውስጥ ፍሬ ፍለጋ አይገባም፤ ቆራርጦ ያስቀምጠውና ይሄን ያህል ብትጎትተው ይሄን ያህል ይለጠጣል ይልሃል። የሚያናድደው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ፍሬ ከፍሬ የሚላቀቅበትን ለማየት የእናቴ ጥራጥሬ ግድ ነው። ግን አንድ የበር ማጠፊያ ውስጥ ያለውን ፍሬ ሁሉ ልቁጠር ካልክ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰበሰብ አይበቃህም። ስለዚህ ስንጥቁ ዙሪያ ጥራጥሬ ታደርጋለህ፣ ከዛ ውጪ ያለውን ሊጥ ታደርገዋለህ፣ ትገላገላለህ።

አትገላገልም። መሀላቸው ላይ ጥራጥሬውም ሊጡም እኩል የሚገኙበት ቀጭን ቦታ አለ። ከዚህ ወገን የመጣው ጉልበት ወደዛ ወገን የሚተላለፈው እዛ ነው። እኛ ቤት «ስፌቱ» ይባላል። ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ስፌቱን ሊያዩ ነው።

ይሄን የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሌላ ልጅ በተረት ሲተኛ እኔ በዚህ ነው የተኛሁት። ትንሽ እያለሁ የሂሳብ የቤት ሥራዬን ሁለት ጊዜ ነበር የምሠራው፣ አንዴ በእሷ ዘዴ፣ አንዴ በእሱ። ሁለቱም አጠገቤ ተቀምጠው እርሳሱን ይቀማሙኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ደብተሬን የሚገልጥ አልነበረም።

ኖቬምበር ላይ ትምህርት አቆምኩ። ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም ደወለ። እናቴ «አባትሽ ያናግርሻል» አለችኝ። አባቴ «እናትሽ አናግራሽ የለ?» አለኝ። ተገላገልኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት እሸጣለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም መልስ አላዘጋጀሁም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

እናቴ ስልኳን ረስታ ወጥታ ሁለቱም የሚሠሩበት ኢንስቲትዩት ድረስ ወሰድኩላት። የእናቴ ሰዎች፣ ጥራጥሬዎቹ፣ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ የአባቴ ሊጦች ምድር ቤት። ለየብቻ የቡና ማሽን አላቸው። የምድር ቤቱ ሰዎች የሦስተኛ ፎቁን ቡና አጣጥመው አያውቁም፣ መጥፎ እንደሆነ ግን ያውቃሉ።

ሁለተኛ ፎቅ፣ የወረቀት ማባዣው አጠገብ ኦርሁን ይቀመጣል። የዶክትሬት ተማሪ ነው። የሁለቱን ፕሮግራም የሚያገናኘውን የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለት አለቃ አለው፣ ሁለቱም ወላጆቼ ናቸው። አዝንለታለሁ።

«ስፌቱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጠንክሯል።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ምን ጥሩ አለው? አባትሽ ስፌቱን ሙሉውን ይቆጥረዋል። እናትሽም ሙሉውን ትቆጥረዋለች። አንዱ ቦታ ሁለቴ ተቆጠረና ከቀረው ብረት እጥፍ ጠነከረ። ስንጥቁ እዛ ሲደርስ ግንብ እንደገጠመው ይቆማል።»

«እነሱ ምን አሉ?»

«አባትሽ ‹አስደናቂ ግኝት› አለ።»

«እናቴስ?»

«‹አስደናቂ ግኝት፣ ግን የኔ ነው› አለች።»

ሲያወራ ግራ ዐይኑ ይርገበገባል። ድሮ አልነበረበትም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ምስር በሽፔትስለ፣ በዚህ አገር የሊጥ ፓስታ፣ ሠራሁ። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሌላ ምግብ የለም ብዬ ነው። ምስሩ ፍሬ ፍሬ፣ ሽፔትስለው ሊጥ። ሳላስበው እሳት ላይ ቤንዚን ደፋሁ።

«ተመልከተው» አለች እናቴ ምስሩን በሹካ እየለየች፣ «አንድ፣ አንድ፣ አንድ።»

«በማንኪያ ውሰጂው እስቲ። ይፈሳል። የሚፈስ ነገር አይቆጠርም።»

«ስላልቆጠርከው ነው የሚፈስብህ።»

«አልሙት፣ ምሳዬን ልቁጠር እንዴ?» አለ አባቴ፣ እናቴን በስሟ ጠርቶ።

«ቤት ውስጥ ያለውን ነገር መቼ ቆጥረህ ታውቃለህ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ስለ ምስር አልመሰለችኝም። ምን አገባኝ። ለሦስት ሰው ሠርቼ ለአንድ ሰው የሚበቃ ተበላ።

ሰኞ፣ ማርች 3

ካርኒቫል ነው፤ ከተማው ጭምብል አድርጎ ይጨፍራል። እኛ ቤት ያለ ጭምብል ነው።

ከታች ያለችው ወይዘሮ ሽቴግማየር ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ደረጃ የመጥረግ ተራ አለ። ተረኛው በር ላይ ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ጠርገህ ስትጨርስ ጎረቤትህ በር ላይ ትሰቅለዋለህ። ሰሌዳው እኛ በር ላይ ሊበሰብስ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ደረጃ የሚጠረገው በፋሲካ ነው?»

«አባቴ የጠረገ መስሎኝ።»

«አባትሽን ጠየቅኩት። እናትሽ ጠርጋለች አለኝ።»

«እናቴንስ?»

«እሷማ አባትሽን አመሰገነችልኝ።» መቀነቷን አጠበቀች። «እኔ ባሌ የሞተ ሳምንት ጠርጌያለሁ፣ ይሄንን ለእናትሽ ንገሪያት።»

ለማንም አልነገርኩም። መጥረጊያውን አንስቼ እየተሳደብኩ ጠረግኩ። ስጨርስ ወይዘሮ ሽቴግማየር በጣቷ የደረጃውን ድጋፍ ዳሰሰች፣ ጣቷን አየችው፣ ምንም ሳትል ገባች። እዚህ ሰፈር ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

አይነጋገሩም። ስብሰባ ላይ አባቴ የእናቴን አቶሞች «ዶቃ» አላቸው። እናቴ የእሱን «ጭቃ» አለችው። የኢንስቲትዩቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዴገንሃርት ሁለቱንም ቃል በቃለ ጉባኤ አስያዘ። ከዛ ወዲህ መልእክተኛ እኔ ሆኛለሁ።

እናቴ፦ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ስፌቱ ሁለቴ እየተቆጠረ ነው። አንዳችን እንልቀቅ። የምለቀው ግን እኔ አይደለሁም።»

እኔ፣ ኮሪደሩን አቋርጬ፦ «አባዬ፣ እማዬ ስፌቱን አብራችሁ ብታዩት ደስ ይላታል።»

አባቴ፦ «ንገሪያት፣ ከእልኸኛ ጋር መጨቃጨቅ ለሆዴ አይስማማኝም።»

እኔ፣ ተመልሼ፦ «ይመጣል። ሆዱን ትንሽ አሞታል።»

እናቴ ለሆድ የሚሆን የካሞሚል ሻይ አፍልታ በኔ እጅ ላከችለት። አባቴ ጽዋውን እንደ ባዕድ ነገር አገላብጦ አየው፣ «ምን ሆነች?» አለኝ፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱም ሳሎን ተቀመጡ። አልተነጋገሩም፤ ግን አንድ መብራት ነበር የሚጠቀሙት።

ከመምህሮቼ አንዱ አንቺ ለምንም ሥራ አትሆኚም ብሎኝ ነበር። አምባሳደር መሆን እችላለሁ።

ሮብ፣ ኤፕሪል 2

ፕሮፌሰር ዴገንሃርት ለገምጋሚዎቹ የሚቀርበውን ልምምድ አይቶ «ይሄ መሀል ላይ የቆመው ግንብ ምንድነው? ገምጋሚዎቹ ይስቁብናል። አንዳችሁ ልቀቁ» ብሏል። ኦርሁን ነው የነገረኝ። የትኛው እንደሚለቅ ግን ፕሮፌሰሩ አልተናገረም። ኃላፊ የሆነው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ዳቦ ቤት የምለብሰውን ሽርጥ ፈልጌ የእናቴ ክፍል ገባሁ። ኮምፒውተሯ ክፍት ነበር። የሚከራይ ቤት ፎቶ። «አንድ ተኩል ክፍል፣ ፀሐይ የሚያገኝ።» አንድ ተኩል። ግማሹ እኔ መሆኔ ነው መሰለኝ።

የአባቴ ክፍል ገባሁ። ከግራትስ የመጣ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ። ለአንድ ሰው የሚሆን የእንግዳ ማረፊያ። እሱስ ግማሽም የለውም።

ዳቦ ቤት አንድ ሰውዬ የተጠማዘዘውን ዳቦ አንስቶ «ይሄ ብሬትስል የትናንት ነው» አለኝ። «እርስዎም የትናንት ነዎት፣ ማንም አልመለስዎትም» አልኩት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወደ ቤት ላከችኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ለዛ ለግትር አባትሽ ንገሪው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ያልገባውን ነገር ሁሉ ‹በአማካይ› እያለ አልፎታል፣ እኔንም ጨምሮ።» እንደወትሮዬ ላሳምረው እችል ነበር። አላሳመርኩትም። ቃል በቃል፣ ፊቷን ሳይቀር አስመስዬ ነገርኩት።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። በጣም ቀስ ብሎ «እንደዛ ካለች ስፌቱን ትውሰደው። ሙሉ ለሙሉ ትቼላታለሁ» አለ።

እናቴ ጋ ሄጄ ያንን የሆዱን ነገር አወጣሁት። «እውነተኛው መልእክት ይሄ ነበር፤ ከእልኸኛ ጋር መጨቃጨቅ ለሆዴ አይስማማኝም ነው ያለው። ያመመው ነገር አልነበረም።» አንድ ጽዋ ይዛ ነበር፣ ያጠበችውን መልሳ አጠበችው። «እንግዲያው ስፌቱን ይውሰደው» አለች። «እኔ ወጥቻለሁ።»

ሁለቱንም አላደረስኩም። ደረጃውን ወርጄ፣ ሌላውን የኮረብታ ደረጃ ወጥቼ፣ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ እግሬ እስኪዝል ተቀመጥኩ። ስመለስ አባቴ «ምን አለች?» አለ። እናቴም «ምን አለ?» አለች።

ለሁለቱም «እሺ» አልኳቸው።

ሮብ፣ ኤፕሪል 9

እንደዛ ማለት አልነበረብኝም። የሆዱን ነገር። ሻዩን ካፈላች በኋላ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

እነሱም ቢሆኑ በእግራቸው ተነስተው መነጋገር ይችላሉ። ሁለቱም እግር አላቸው።

እሁድ፣ ኤፕሪል 27

ቤቱ ሰላም ነው። የሆስፒታል ሰላም። ሁለቱም እንግዳ ቤት እንደመጣ ሰው ሆነዋል። ዓርብ ጠዋት መታጠቢያ ቤት በር ላይ «አንቺ ቅደሚ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም»፣ «አይ፣ አይሆንም»። ሁለቱም ባቡር አመለጣቸው።

ነጩ አስፓራገስ፣ ያ የፀደይ አትክልት፣ ገበያ ወጥቶ ትናንት ገዛሁ። ዛሬ በድንችና በቅቤ አቀረብኩት። አንድ እንጨት አስፓራገስ ሳህኑ ላይ ቀረ። እሱ ለእሷ ተወው። እሷ ለእሱ ተወችው። ተያዩት። ሲጠወልግ እኔ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። መብላት እችል ነበር፤ የኔ አልመሰለኝም።

ሰኞ፣ ሜይ 5

ነገ ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ።

ኦርሁን ዳቦ ቤት መጣ። «ሁለቱም የየራሳቸውን የፕሮግራም ክፍል ዛሬ ነው የላኩልኝ» አለ። «ሁለቱም ‹ስፌቱን አስተካክያለሁ› ብለዋል።»

«አንድ ላይ ሞከርከው?»

«አባትሽ የራሱን ለብቻው ሞክሯል፣ ይሠራል። እናትሽ የራሷን ለብቻዋ ሞክራለች፣ ይሠራል። አንድ ላይ ለመሞከር ኮምፒውተሩ ላይ ወረፋ ያለን ነገ ጠዋት፣ እነሱ ፊት ነው።»

አሁን ሁለቱም ዐይኖቹ ይርገበገባሉ። በነፃ ብሬትስል ሰጠሁት። ባለቤቷ አየችኝ፣ ወደ ምድጃው ዞረች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

የሆነውን እንዳለ ልጽፈው፣ ነገ አሳምሬው እንዳልገኝ።

ኢንስቲትዩቱ ለእንግዶቹ ቅቤ የተቀባ ብሬትስል አዝዞ ስለነበር ባለቤቷ እኔን ላከችኝ። ሳጥኖቹን ይዤ አዳራሹ ጥግ ቆምኩ። ገምጋሚዎቹ አራት ሽማግሌዎችና ከዙሪክ የመጣች አጭር ሴትዮ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ኤግሊ ይሏታል። ፕሮፌሰር ዴገንሃርት ተነስቶ «በዚህ ቤት ትንሹና ትልቁ ዓለም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ» አለ። እናቴና አባቴ በረድፉ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ፈገግ አሉ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚፈገገውን ፈገግታ።

ኦርሁን ቁልፉን ተጫነ። ትልቁ ስክሪን ላይ ዘንግ ታየ። መሀሉ ላይ የእናቴ ፍሬዎች ከነስንጥቃቸው፣ ዙሪያውን የአባቴ ሊጥ፣ በሁለቱ መካከል ስፌቱ፣ እንደ ቀጭን ቀለበት። ዘንጉ ከሁለት ወገን መጎተት ጀመረ። አሁን ስንጥቁ መሄድ ነበረበት።

ስንጥቁ አልሄደም። ገና ዘንጉ ነካ ከመደረጉ የእናቴ ጥራጥሬ ከነስንጥቁ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ከአባቴ ሊጥ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ የስክሪኑ ጥግ ደረሰና ከእይታ ጠፋ። ዘንጉ መሀሉ ተበስቶ ቀረ።

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንግግር ሲያልቅ አይጨበጨብም፣ ጠረጴዛ በጣት መገጣጠሚያ ይንኳኳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በልማድ ሁለቴ አንኳኳ። ከዛ እጁን አየውና ኪሱ ከተተው።

ፕሮፌሰር ኤግሊ ብሬትስሏን አስቀመጠች። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ቀለበቱ ውስጥ ያለውን የሚቆጥረው ማነው?»

«እሷ» አለ አባቴ።

«እሱ» አለች እናቴ።

እኩል ነው ያሉት።

«እርስዎ ስንት አድርገውታል?» አለችው።

«ዜሮ። ለባለቤቴ ስለተውኩት።»

«እርስዎስ?»

«ዜሮ» አለች እናቴ። ከዛ ድምጿ ወረደ። «እሱ የወሰደው መስሎኝ።»

«ስለዚህ እዛ ቦታ ምንም ነገር የለም።»

«ኧረ አለ» አለ አባቴ። «መኖሩንማ አለ። አልተቆጠረም እንጂ።»

«ሌላው ወስዶታል ብሎ ማን ነገራችሁ?»

ሁለቱም ወደ ብሬትስሉ ጥግ ዞሩ። አዳራሹ ሁሉ ተከትሏቸው ዞረ። ጆሮዬ ጋለ። እንደዛ ስሆን ደግሞ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል።

«እኔ ‹እሺ› ነው ያልኳቸው» አልኩ። «ምኑ ነው እሺ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ ስልክ አይደለሁም። ስልክ እንኳን ባትሪው ይሞላለታል።»

ፕሮፌሰር ዴገንሃርት በክራቫቱ ታነቀ። «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለ።

አባቴ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ወደ አባቴ አየች። አንዱ ሌላውን ጠበቀ።

«የእነሱ ናት» አለ ኦርሁን።

ሳጥኖቹን አስቀምጬ ወጣሁ። ደንግጠው ነው። ሰው ፊት ስለሆነ ነው። እኔም ብሆን በቶሎ አልመልስም ነበር።

ሮብ፣ ሜይ 7

እቤት የጮኸብኝ የለም። ብትጮኹ ይሻላል አልኩ፣ ብቻዬን፣ ሽንት ቤት።

ሮብ፣ ሜይ 14

ውሳኔው መጣ። ፕሮፌሰር ዴገንሃርት ለገምጋሚዎቹ «ያያችሁት ውድቀት አይደለም፣ ስፌቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሚያሳይ ሙከራ ነው» ብሏቸው ኖሯል። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አምነውታል። ፕሮፌሰር ኤግሊ አላመነችውም፣ ግን የሚጠና ነገር አለ አለች። ከተጠየቀው በጀት ግማሹ ተፈቀደ፣ ለሁለት ዓመት። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስፌቱ ላይ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ፣ የሁለቱ ድርሻ ሲደመር አንድ ይሙላ፣ ከአንድ አይብለጥ፣ አይጉደል።

ስለዚህ አባቴ መቅረት ይችላል። መሄድም ይችላል፣ ግማሽ ነው የተሰጣቸውና። ግራትስ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።

እናቴ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ንገሪው፣ መሄድ ከፈለገ እኔ አልይዘውም።»

አባቴ ኩሽና ውስጥ ያዘኝ። «ንገሪያት፣ እሷ ‹አትሂድ› ካለችኝ እቀራለሁ።»

እዛው ቆሜ፣ ሁለቱም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ «አልናገርም» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል ለማንም አላደርስም። የልብስ ሳሙናው አልቋል የሚለውንም ቢሆን።»

በሩን ስዘጋው ከታች የወይዘሮ ሽቴግማየር የጣሪያ መብራት ሳይነቃነቅ አልቀረም።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ከሰዓት እናቴ ክፍሌ መጣች። አንኳኩታ።

«ልትልኪኝ ከሆነ ሥራ አቁሜያለሁ» አልኳት።

«መልእክት የለኝም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያኔ አዳራሹ ውስጥ፣ የማን ናት ሲል…» አልጨረሰችውም። ካልሲዬን ከመሬት አንስታ አጣጠፈችው፣ አንዱን ብቻ። «ትምህርቱን ለምን ተውሽው?»

መልስ አላዘጋጀሁም ብዬ የለ። ስለዚህ የሆነውን ነገርኳት። ሂሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። በእሷ ዘዴ ጀምሬ፣ መሀል ላይ በአባቴ ዘዴ ቀጠልኩበት። መልሱ ልክ ነበር። መምህሩ ለክፍሉ ዞሮ «ከሁለት ሊቅ ተወልዶ እንዲህ መዘበራረቅ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም የሰሌዳውን ስፖንጅ ወረወርኩበት።

«ደረሰው?»

«እርጥብ ነበር።»

ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ነበር፣ አወቅኩባት። «እና ቤት ስትመጪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የቀረውን ለአባዬ ነው የምነግረው።»

«ለምን ለኔ አይሆንም?»

«ያንቺ ድርሻ አልቋል።»

ብዙ ሳይቆይ አባቴ ገባ። ሻይ ይዟል፤ ሻይ አልጠየቅኩትም። ዙሪያውን አየ፣ የሚቀመጥበት አጣ፣ ቆሞ ጠየቀኝ። ያንኑ ጥያቄ፣ ከቃል ቃል ሳይቀይር። አልተመካከሩም፣ እርግጠኛ ነኝ። ቢመካከሩ ኖሮ አንዱ ብቻ ነበር የሚመጣው።

«ትምህርት ቤት የሆነውን ለእማዬ ነግሬያታለሁ» አልኩት። «ላንተ ቤት ስደርስ የሆነውን ልንገርህ። ሁለታችሁም ነበራችሁ፣ በየክፍላችሁ፣ በር ዘግታችሁ። የእሷን አንኳኳሁ፤ ‹አሁን አልችልም፣ ለአባትሽ ንገሪው› አለች። ያንተን አንኳኳሁ፤ ‹ለእናትሽ ንገሪያት፣ መጣሁ› አልክ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አልመጣህም።»

«ከዛስ?»

«ከዛ ዳቦ ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ።»

ሻዩን ለራሱ ጠጣው። ከዛ «ትምህርት ቤት ምን ሆነሽ ነበር?» አለ።

«እሱ እማዬ ጋ ነው ያለው። ከፈለግክ ጠይቃት።»

ወጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ኩሽና ውስጥ ወንበር ተሳበ፣ ሌላ ወንበር ተሳበ።

«ላንቺ ምን አለችሽ?» የአባቴ ድምፅ።

«አንተ ቅደም።»

«አይ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ትራሴን ልወረውር አነሳሁ። ከዛ አባቴ «እሺ» አለ። «በሬን አንኳኩታ ነበር አልሙት። ሁለታችንንም አንኳኩታ ነበር።»

ትራሱን አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ዳቦ ቤት ሰው አጨናንቆኝ ነበር። ኦርሁን ተራውን ጠብቆ መጣ፣ ዐይኑ ደህና ነው።

«ከስፌቱ አሥር እጅ እናትሽ ስድስቱን፣ አባትሽ አራቱን ያዙ» አለ። «ሲጨቃጨቁ ሰዓታት ፈጀ፣ ግን እርስ በርሳቸው ነው። ያው፣ ግራትስን እምቢ ስላለ ጊዜ አላቸው።»

«ማን እምቢ አለ?»

«አባትሽ። ትናንት። ደረጃ ላይ ለእናትሽ ሲነግራት እዛው ነበርኩ። አልሰማሽም እንዴ?»

አልሰማሁም። ትናንት ማታ አብረን ነው የበላነው፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በዚያ ቤት ወሬ ሁሉ በኔ አልፎ ነበር የሚሄደው፤ አሁን የመጨረሻ ሰሚ ሆኜ አረፍኩት። ማታ ስገባ ልጮህባቸው ነው። ምን ብዬ እንደምጮህ እያሰብኩ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ሦስት ብሬትስል በላሁ፣ ደንበኛ እያየኝ።